ቅዳሜ የማይዘጋው ማቆያ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ሌላ አገር ይሆናል። በሞጆ በኩል የወረደው፣ ከሐዋሳ የመጣው፣ ከአዳማ የመሥሪያ ቤት ተሰብሳቢ የጫነው መኪና ሁሉ ከዋናው አስፋልት እየታጠፈ ወደ ሐይቁ አቧራውን ያቦናል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ሐዋሳ ዓይን አይስብም። ሆኖም ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ሰው ያለ ስጋት የሚዋኘው እዚህ ነው። ነጋዴው በቀለ ሞላ በደቡቡ መንገድ ሆቴል ሲዘረጉ አንዱን እዚህ ዳርቻ ላይ አቁመዋል። ዛሬ ሳባናን የመሳሰሉ ሪዞርቶች በዳርቻው ተሰልፈዋል፤ ዓርብ ማታ መኝታ ክፍሎቻቸው ይሞላሉ።

እንግዳው እረፍቱን ሲጀምር ሠራተኛዋ የሳምንቱን ከባድ ሥራ ትጀምራለች። አልጋ አንጣፊዋ፣ አስተናጋጇ፣ ዓሣ ጠባሿ፣ ልብስ አጣቢዋ ቅዳሜና እሑድ እግራቸው አያርፍም። ልጆቻቸውስ? እናቷ አጠገቧ ያለች ለእናቷ ትተዋለች፤ ጥሩ ጎረቤት ያላት ለጎረቤት። ሁለቱም የሌላት ትልቋን ልጅ ታናሿን ጠብቂ ብላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። በአካባቢው ባሉ ከተሞች ማቆያ ቢገኝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የቢሮ ሰዓት ነው የሚከተለው፤ ዓርብ ማታ ይዘጋል። ላንጋኖ ደግሞ በዚያች ሰዓት ገና መከፈቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዚህ አካባቢ የሕፃናት ማቆያ ልክፈት ብላ ብድር ጠያቂ የምትሆንን ሴት ይከተላል። ስም አልሰጠናትም፤ አንዲት ሴት ስላልሆነች። በአዳማ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በብድር ጠረጴዛ ፊት ከሚቀመጡ ብዙ ሴቶች ጥቂት ጥቂት የተዋጣች ናት። “ባለ ዕቅዷ” እንበላት።

የዕቅዷ መነሻ አንድ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱም በሕግ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። እናትየዋ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጇ ሦስት ወር ገደማ ቢሆነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጠው ይላል። መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ የሚቀበለው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከሦስት ወር ገደማ እስከ አራት ዓመት ያለው ጊዜ ባለቤት የለውም።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች አስቦበታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በአዲስ አበባ በርካታ መሥሪያ ቤቶችም አዘጋጅተዋል። አዋጅ 1156 ግን በግል አሠሪው ላይ እንዲህ ዓይነት ግዴታ አልጣለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወሊድ ሕጓን ስታሻሽል 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ ማቆያ እንዲኖረው አስገድዳለች። እኛ ዘንድ ሪዞርቱም፣ የአበባ እርሻውም፣ ፋብሪካውም የሚያዘጋጀው በፈቃዱ ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስለን። በአገራችን ቀዳሚ ከሚባሉት የሕፃናት መዋያዎች አንዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ የተከፈተው በባቡር ሐዲዱ ሥራ ላይ ለነበሩ ፈረንሳውያን ልጆች ነው። አዳማን ያሳደጋትም ያው የባቡር መስመር ነው። የሰው ጉልበት በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ልጅ የሚያውል መፈለጉ ያኔም ታውቋል። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የግል ኬጂ በየሰፈሩ ፈላ፤ ወላጅ ለእንግሊዝኛና ለዩኒፎርም መክፈል አይሰለቸውም። ዳይፐር ለሚቀየርለት ልጅ የሚሆን ቦታ ላይ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን አላፈሰሰም። ምክንያቱን ከአፍታ በኋላ በስሌት እናየዋለን።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፍላጎት በአንድ ሰዓት አይመራም፤ ባለ ዕቅዷ መጀመሪያ የምትመርጠው የማንን ሰዓት እንደምትከተል ነው። አዳማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220,212 ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ ልቃለች። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ በአብዛኛው ከሌላ ወረዳ የመጡ ወጣት ሴቶች የሚሠሩበት፣ በፈረቃ የሚመራ ቦታ ነው፤ እነዚህ ሴቶች ሲወልዱ አያት አጠገባቸው የለችም። ባቱ ደግሞ በአበባ ትኖራለች። የግሪን ሃውስ ሥራ ማለዳ ይጀምራል፤ አውሮፓ የፍቅረኞች ቀንና የእናቶች ቀን ሊያከብር ሲል ጽጌረዳ ቆራጯ ተጨማሪ ሰዓት ትገባለች። ለሌላ አገር እናት አበባ የምትቆርጥ እናት ልጇን የት ታውል የሚለው ጥያቄ ሚያዝያ ላይ ይበረታል። ባቱ ላይ ያለው ትልቁ የአበባ እርሻ ሼር ኢትዮጵያ ለሠራተኞቹና ለአካባቢው ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እስከመክፈት ደርሷል፤ አሠሪ ከልቡ ካሰበ ማድረግ እንደሚችል ማሳያ ነው።

ላንጋኖ ከሁለቱም ይለያል። ሪዞርቶቹ በምዕራቡና በምሥራቁ ዳርቻ ተበታትነዋል፤ ሠራተኛው ከቡልቡላ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከባቱና ከዙሪያው ቀበሌዎች ይመጣል። ማቆያው ከተማ ውስጥ ቢሆን እናት በምሳ ሰዓት ልታጠባ አትደርስም። ሐይቁ ዳር ቢሆን ኪራዩና ውኃው ይወደዳል። ሐይቁን የምሥራቅ ሸዋና የአርሲ ወገን ስለሚካፈሉት ፈቃድ የሚጠየቀው ወረዳም እንደ ቦታው ይለያያል። ለኔ የሚታየኝ ጥሩ ቦታ የምዕራቡ ዳርቻ መገንጠያዎች ከዋናው አስፋልት የሚገናኙበት አካባቢ ነው፤ የሠራተኛ ሰርቪስ እዚያው ስለሚያልፍ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ ነገ ጠዋት ጤፍ ሲጨምር ይለወጣሉ። የማይለወጠው የስሌቱ አጥንት ነው።

ማቆያው 30 ልጅ ይይዛል እንበል። አሥሩ ከሁለት ዓመት በታች፣ ሃያው ከፍ ያሉ። ለጨቅላዎቹ ሦስት፣ ለትልልቆቹ ሦስት ሞግዚት፣ አንድ ምግብ አብሳይና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሲጨመሩ ስምንት ሰው ይሆናሉ። በአማካይ 5,000 ብር ቢከፈላቸው የወር ደመወዝ 40,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ 20,000። ምግብ ለአንድ ልጅ በቀን 40 ብር፣ በወር 24 ቀን፣ ለሠላሳው 28,800። ውኃ፣ መብራት፣ ሳሙናና ልዩ ልዩ 6,000። ለእድሳት፣ ለመጸዳጃና ለእጅ መታጠቢያ፣ ለፍራሽ፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ ታንከርና ለማዕድ ቤት 600,000 ብር ብትበደርና በ18 በመቶ ወለድ በሦስት ዓመት ብትመልስ በወር 21,700 ብር ገደማ ትከፍላለች። ድምሩ 116,500 ብር። እያንዳንዷ እናት 4,000 ብር ብትከፍል ገቢው 120,000 ነው። የሚተርፈው 3,500 ብር፤ የባለ ዕቅዷ የራሷ ደመወዝ ገና ሳይገባ።

ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ቢያስቀሩስ? ገቢው 108,000 ይሆናል፤ ወጪው ከምግብ ጥቂት ብር በቀር አይቀንስም። 3,500 ብር የነበረው ትርፍ ወደ 5,600 ብር ኪሳራ ይዞራል።

ይህ ንግድ ከሱቅና ከካፌ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ካፌ ደንበኛ ሲበዛለት በአንዲት አስተናጋጅ ብዙ ጠረጴዛ ያስተናግዳል። ማቆያ ያንን ቢሞክር ልጅ ይጎዳል። አንዲት ሞግዚት የምትይዘው ጨቅላ ሦስት ወይም አራት ነው፤ ዘንድሮም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም። ስለዚህ የገቢው ጣሪያ በሞግዚቷ እጅ ተወስኗል። ዋጋውን ከፍ እንዳታደርግ ደግሞ የእናትየዋ ደመወዝ ይገድባታል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ገልጿል፤ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። ያንን የምታገኝ እናት የማቆያ ሙሉ ዋጋ ከፍላ ከምትሠራ ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላታል። ሞግዚቷም ያው እናት ናት፤ የእሷን ደመወዝ ቆርጦ ዋጋ መቀነስ ልዩነቱን በሌላዋ ሴት ድህነት መክፈል ነው። ዘርፉን ብዙ ባለ ገንዘብ የሸሸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህንን ይዛ ነው ባንክ የምትገባው።

የመጀመሪያ ዕቅዷን ተመልከቱት። አርባ ገጽ፣ ባለ ቀለም ሽፋን፣ በኮምፒውተር ቤት የተጻፈ። መግቢያው ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢ መሆናቸውን ያስረዳል። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት። የብድር ኦፊሰሩ ይህን ሁሉ በአውራ ጣቱ ገልብጦ ያልፈዋል፤ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ በጠረጴዛው ላይ የዶሮ እርባታውም፣ የጡብ ማምረቻውም ዕቅድ እንዲሁ ነው የሚጀምረው። ዓይኑ የሚያርፈው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይሄዳል።

“ምን መያዣ አለዎት፣ አዴ?”

“ቤቱ የኪራይ ነው። ባለቤቴ በስሙ ባጃጅ አለችው።”

“በመጀመሪያው ወር ስንት ልጅ ይገባል ብለው ነው?”

“ሠላሳ።”

“ሠላሳ እናት በአንድ ጊዜ ልጇን ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች?”

“ሰፈሩ ያውቀኛል እኮ።”

“እኔም የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፤ ባለቤቴ ለእህቴ እንኳ አደራ ስትሰጥ ሦስቴ ትደውላለች። ደግሞስ ስድስት ገብተው ቢቀሩ ወለዱን ከየት ይከፍላሉ?”

ጥያቄው ትክክል ነው። ስድስት ልጅ ቢገባ፣ ሠራተኛውም ለጊዜው አራት ብቻ ቢሆን፣ ገቢው 24,000፣ ወጪው ከብድር ክፍያ በፊት ወደ 50,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ 26,000 ብር ገደማ ይጎድላል። በሁለተኛው ወር ዘጠኝ፣ በአራተኛው አሥራ አምስት፣ በስድስተኛው ሃያ አራት ብላ የምትጽፍ ሴት ሠላሳ ብላ ከምትጽፈው ይልቅ ትታመናለች። የሚጎድለውን ገንዘብ አስቀድማ ቆጥራ በሥራ ማስኬጃ ስም የብድሩ አካል ታደርገዋለች፤ ወይም የዕቁብ ዕጣዋን ለዚያ ታቆየዋለች። አበዳሪ የሚፈራው ያልተጻፈ ኪሳራ ነው።

መያዣው ግን ሌላ ተራራ ነው። በአገራችን ባንክ መያዣ ሲል ካርታ ያለው ቤት ማለቱ ነው፤ ካርታው ደግሞ በአብዛኛው በወንድ ስም ነው። ይህን ለመስበር የተሞከሩ መንገዶች አሉ፤ ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም። አዳማን በቀጥታ የነካው እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት ነው። አዳማ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ከተሞች አንዷ ነበረች። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንሶች ይሰጥ ነበር፤ እነሱ ለሴቶች በግል ያበድሩ ነበር። “በግል” የምትለዋን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት አነስተኛ ተበዳሪ ሴት የምታገኘው በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ትንሽ ብድር ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ስትፈልግ ባንኩ ቤት አምጪ ይላታል። መካከል ላይ የሚገኙ ሴቶች ለቡድኑ ትልቅ፣ ለባንኩ ትንሽ ሆነው ቀርተው ነበር። የማቆያ ብድር የሚወድቀው በትክክል እዚያ መካከል ላይ ነው። በዚሁ ፕሮጀክት ውስጥ አማራ ብድርና ቁጠባ፣ የአሁኑ ፀደይ ባንክ፣ በታብሌት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ፈተና ከመያዣ ጎን ለመሞከር ቀዳሚ ነበር፤ የተበዳሪዋ ጠባይና የንግድ ብልሃት እንደ ንብረት ሲገመት ማለት ነው።

እናት ባንክም ሴቶችን የብድር ተጠቃሚ ከማድረግ ሐሳብ የተወለደ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷና የቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ባንኩ ሥራ የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። በኦሮሚያ ከተሞች የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ወደ ሲንቄ ባንክ ተለውጧል፤ የሴቶችን ማኅበራዊ ክብር በሚወክለው በትር ስሙን የሰየመ ባንክ ለሴቶች የማቆያ ብድር ቢከለክል ያሳፍረዋል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን ኦፊሰሩ ፊት እንዲህ ያለ ክርክር አይረዳም። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ፣ ቴሌብር ደግሞ መላ በሚሉ አገልግሎቶች ያለ መያዣ በስልክ ያበድራሉ። እነዚህ አነስተኛና የአጭር ጊዜ ብድሮች ናቸው፤ የወር ክፍያ ሲዘገይ ዱቄትና ሳሙና ለመግዛት ይሆናሉ፤ ሽንት ቤት ለመሥራት ግን አይሆኑም። ስልክ ላይ በተገኘ ብድር ማቆያ የጀመረች ሴት ፍራሽ ሳትገዛ መክፈል ትጀምራለች።

የባንኮቹም እጅ ታስሮ ቆይቷል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ በታኅሣሥ 2024 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ጣሪያ ሲጣል ባንክ የሚያውቀውን ነባር ደንበኛ ያስቀድማል። ባለ ዕቅዷ ከዶሮ እርባታው ጋር ብቻ አይደለም የምትፎካከረው፤ ከትልልቅ አስመጪዎችም ጋር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የጣልኩበት ግን ብዙ ያልተወራለት ሕግ ነው፤ ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011። በዚህ አዋጅ ባጃጅ፣ ማቀዝቀዣ፣ ከብት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሳይቀር በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ መዝገብ ተመዝግቦ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ተሰብሳቢ ሂሳብ የምትለው ቃል ለባለ ዕቅዷ ወርቅ ናት። አንድ ሪዞርት በየወሩ ልከፍልሽ ነው ብሎ በውል የፈረመላት ገንዘብ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነውና። ባንኩ መቀበል ግዴታው አይደለም፤ ግን “መያዣ የለኝም” ብላ ከመቀመጥ “ይህ ውል አለኝ” ብላ መነሳት ሌላ ንግግር ይከፍታል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። የማቆያ ዕቅድ ጠንካራው ገጽ ስለ ሕፃናት የሚያወራው ሳይሆን ከአሠሪ ጋር የተፈረመው ውል ነው። ሁለት ሪዞርቶች ሃያ ቦታ ቢይዙ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ግማሹን ማለትም 2,000 ብር አሠሪው ቢከፍል፣ በወር 40,000 ብር የተረጋገጠ ገቢ አለ። ይህ የስምንቱን ሠራተኞች ደመወዝ ይሸፍናል። እናትየዋም ግማሹን ነው የምትከፍለው። ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ወሳኝ ሐረግ ክፍያው ለተያዘው ቦታ እንጂ በዚያ ቀን ለመጣው ልጅ እንዳልሆነ ነው፤ አለዚያ ጉንፋን በገባ ቁጥር ገቢው ያስነጥሳል።

አሠሪው ለምን ይከፍላል? ለጽድቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አልጋ አንጣፊ ከቀሩ አዲሱ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ውስጥ ይቆማል። የሠለጠነች አስተናጋጅ ወልዳ ከቀረች ሌላ ማሠልጠን ነው። ከናይሮቢ የመጣ ማስረጃም አለ። በኮሮጎቾ የድሆች ሰፈር ተመራማሪዎች ለአንዳንድ እናቶች የማቆያ ድጎማ ሰጥተው ከሌሎቹ ጋር አነጻጸሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት ድጎማ ያገኙት ሥራ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በ8.5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። እዚያው ኬንያ ኪዶጎ የተባለ ድርጅት ሌላ መንገድ ይዟል፤ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ በየጓዳው ልጅ የሚያውሉ ሴቶችን ያሠለጥናል፣ በአንድ ስምና በአንድ ደረጃ ያሰባስባል። የኛም ሰፈር እንደነዚያ ያሉ ሴቶች አሉት፤ ሰው “እንትና ጋ አውላታለሁ” ይላል። አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ የከተማውን በጀት ይዛ ገብታለች፤ የክልል ከተሞች እናቶች ግን እንዲህ ያለ በጀት እስኪመጣ መጠበቅ አይችሉም።

ለሪዞርት ብቻ መሸጥ አደጋ እንዳለው ባንኩ ያውቃል። መንገድ በተዘጋ ወይም እንደ 2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ላንጋኖ ባዶውን ይቀራል። እዚህ ላይ የላንጋኖ ልዩ ሰዓት ራሱ ይረዳል። አስተማሪዋና የጤና ጣቢያ ነርሷ ማቆያ የሚፈልጉት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የሪዞርት ሠራተኛዋ ፍላጎት ከሐሙስ ይጀምርና ቅዳሜና እሑድ ይከራል። ያንኑ ፍራሽ ለሁለት ወገን መሸጥ ይቻላል፤ ቅድም ያየነው የሠላሳ ልጅ ጣሪያ ሳይጣስ ገቢው ከፍ የሚልበት መንገድ ይህ ነው። ዋጋው ደግሞ አለ። አዋጅ 1156 የሥራ ሰዓትን በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል፣ የሳምንት እረፍትም ያዛል። ሰባት ቀን ለመክፈት ቢያንስ ሰባተኛ ሞግዚት ያስፈልጋል፤ ዓርብ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ለመቆየት ከዚያም በላይ። ይህን በዕቅዷ ያላስገባች ሴት ወይ ሞግዚቶቿን ትበዘብዛለች፣ ወይ በሦስተኛው ወር ይለቁባታል።

ኦፊሰሩ ይህችን ሴት ከኮምፒውተር ቤት ዕቅድ የሚለያት በሌላም ነገር ነው፤ አገሩን ታውቀዋለች ወይ? የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በዚህ ሸለቆ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ከአዳማ አጠገብ በሚገኘው ወንጂ፣ የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ የስኳር ፋብሪካውን በተከለበት ዘመን የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች አጥንታቸው እስኪጣመም የተጎዱበት ታሪክ በሐኪሞች ተጽፎ ይገኛል። ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎችን በዚህ መስመር የተጓዘ ሁሉ አይቷል። ጉዳቱ ጥርሱ ገና ውስጥ ለውስጥ እየተሠራ ባለ ሕፃን ላይ ይብሳል፤ ማቆያ የሚቀበለውም ያንን ዕድሜ ነው። ስለዚህ “ውኃ፦ ከጉድጓድ፣ በነፃ” ብሎ የሚጽፍ ዕቅድ ላንጋኖን አያውቅም። ቦቴ የሚያመጣው የተጣራ ውኃ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለመጠጥና ለልብስ ማጠቢያ የተለያየ ታንከር፤ እነዚህ በወጪ ዝርዝሩ ላይ ሲታዩ ኦፊሰሩ ቀና ይላል። ወባም አለ፤ የመስኮት ወንፊትና በቀን እንቅልፍ ሰዓት የሚወርድ አጎበር። ሞግዚቶቹ ኦሮምኛም አማርኛም መቻላቸው እንኳ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣችው ልብስ አጣቢና ከአዳማ የተዛወረችው የሂሳብ ሠራተኛ ለልጃቸው የሚሹት ቋንቋ አንድ አይደለም።

የቀረው የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ብዙ አሠሪ አዲስ ወጪ የሚያየው ግንቦት ላይ ነው። ውሉ ግንቦት ላይ ካልተያዘ ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ውሉን ይዛ ሰኔ ላይ ባንክ ትገባለች፤ ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ቢለቀቅ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ እንግዳውን ሲያሳንሰው፣ ለእድሳትና ለፈቃድ ይሆናሉ። መስከረም ላይ በስድስት ልጅ ትከፍታለች። አዲስ ዓመት፣ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት ሐይቁን ይሞሉታል።

ባንኩ የስድስት ወር እፎይታ ጊዜ ቢሰጣት እንኳ የሚቆጥረው ብድሩ ከተለቀቀበት ሐምሌ ጀምሮ ነው። ጥር ላይ የመጀመሪያውን ክፍያ ስትጠየቅ ማቆያው ከተከፈተ አራት ወሩ ነው፤ አሥራ አምስት ልጅ ቢኖራት ነው። ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ ይቆጠርልኝ ብላ ብታሸንፍ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ መጋቢት ላይ ያርፋል፤ ዐቢይ ጾም መካከል፣ ሠርግ በሌለበት፣ ከአዲስ አበባ የሚወርደው እንግዳ በሳሳበት ወር። ስለዚህ ባለ ዕቅዷ በኦፊሰሩ ፊት የምትከራከርበት የመጨረሻው ነጥብ የወለዱ መጠን አይሆንም። ከመክፈቻው ስምንት ወር ትጠይቃለች፤ ክፍያው ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ሠርጉም ውሉም በሚታደስበት ወር እንዲጀምር።